ሰዓት መናገር ለተወው ጣቢያ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቅርቡ የቀጠሯቸው ሁለቱ ሳቂታ አቅራቢዎችም እንደምን ከርማችኋል? ፈጣሪ ጤናችሁን ይጠብቅልኝ፤ በተለይ የአቅራቢዎቹን ሳንባ አደራ እላለሁ፤ በየቀኑ አራት ሰዓት ሙሉ ያለ ምክንያት መሳቅ ቀላል ድካም አይደለምና። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁ፣ ባለቤቴን ከቀበርሁ አምስት ዓመት የሞላኝ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ የጣቢያዎ የሃያ ሁለት ዓመት አድማጭ ነኝ። ነበርሁ ማለት ይሻላል መሰለኝ።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ አስቀድሜ በስልክ ሞክሬ ነበር። ጸሐፊዎ በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ፣ «አባባ፣ በጥናት ነው እኮ የተቀየረው፤ ያኛው ተፎካካሪያችን ጣቢያ በዚህ ፕሮግራም ነው አድማጭ የሞላለት» ብላ አስረዳችኝ። ጥናት የተባለው የሰውን ጣቢያ ከፍቶ ማዳመጥ መሆኑ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ለካ እኔም ይህን ሁሉ ዘመን ሳላውቀው ተመራማሪ ሆኜ ኖሬአለሁ።

ጊዜዎ ውድ ነውና ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

፩. አዲሱ የጠዋት ፕሮግራምዎ ከመግቢያ ሙዚቃው ጀምሮ እስከ ሴትዮዋ አሳሳቅ ድረስ የዚያኛው ጣቢያ መንታ ነው። ከሱቄ አጠገብ ያለው ጸጉር አስተካካይ ሁለት ሬዲዮ አለው፤ ቀልዱን አንድ ቀን ከእነሱ ይሰማና በማግስቱ ከእናንተ ሲመጣ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ደንበኛ «ቆይ፣ እንዳትነቃነቅ፣ አሁን ሴትዮዋ ትስቃለች» ይለዋል። ትስቃለችም። ምላጭ ጨብጦ ለሚሠራ ሰው የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነውና፣ በደንበኞቹ አንገት ስም ከልብ አመሰግንዎታለሁ።

፪. ባለፈው ሳምንት አቅራቢዎ ለጥያቄና መልስ ውድድሩ «አሁኑኑ ደውሉልን» ብሎ ያነበበው ስልክ ቁጥር የእነዚያን ሰዎች ነበር። ከእነሱ ሲገለብጡ ቁጥሩንም አብረው ገልብጠውት ኖሮ፣ እሱም የተሰጠውን ወረቀት እንዳለ አነበበው። ጸጉር አስተካካዩ ደውሎ፣ የእነሱን ጥያቄ መልሶ፣ የእነሱን ጃንጥላ ተሸልሞ መጣ። የሌላውን ፕሮግራም መገልበጥ አድማጭ ያበዛ እንደሆነ ሲያስጠኑ ለከረሙት ጉዳይ ከዚህ የበለጠ መልስ ያለ አይመስለኝም። መብዛቱስ በዝቷል፤ በዚያ በኩል ነው እንጂ።

፫. ይህኛው የቤቴ ጉዳይ ስለሆነ ፈገግታዬን ትንሽ ብሰበስብ ይቅር ይበሉኝ። የሟች ባለቤቴ እናት ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸውን ካጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ እኔ ሱቅ ስውል እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። የቀድሞው የጠዋት አንባቢዎ ዜናውንም፣ ማስታወቂያውንም እያነበበ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ በየሩብ ሰዓቱ ቀና ብሎ ሰዓቱን ይናገር ነበር፤ ሌላ ምንም አይጨምርም። አማቴ የስኳር ኪኒናቸውን ሲውጡ የኖሩት በዚያ ድምፅ ነው፤ አንዱን ከቁርስ በኋላ፣ አንዱን ከምሳ በኋላ። ይህን ያስለመደቻቸው ልጃቸው ናት፤ እኔ የማደርገው ኪኒኖቹን በሁለት ስኒ ለይቶ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። አንባቢዎ በተነሣ በሦስተኛው ቀን አማቴ ያንን ማለቂያ የሌለው ሳቅ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ምሳ ሰዓት ያለፈባቸው መስሏቸው ሁለተኛውን ኪኒን በረፋድ ዋጡት። ያን ቀን መቀስ ረስቼ ወደ ቤት ስመለስ አልጋቸው ሥር ወድቀው፣ ላብ አጥምቋቸው አገኘኋቸው። ስኳር በጥብጬ በማንኪያ ካቀመስኋቸው በኋላ መጀመሪያ የተናገሩት፣ «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ሰዓት የለም እንዴ?» የሚል ነበር። ጥያቄውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፌአለሁ።

ሰዓት አትገዛላቸውም ወይ ይሉኝ ይሆናል። የሚናገር ሰዓት ገዛሁ፤ የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ሆኖ አማቴ «ማንን ነው ቤት ያስገባኸው?» ብለው ተቆጡኝ። ስለዚህ አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ሱቄን ዘግቼ፣ ግማሽ ሰዓት በእግሬ ሄጄ፣ ኪኒን ሰጥቻቸው እመለሳለሁ። የእግር ጉዞ ለጤና ጥሩ ነው ይባላልና ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፬. እዚህ ላይ ራሴን ባልከስ ሕሊናዬ አይተወኝም። ባለቤቴ በሞተች ሰሞን ገበያ ቀዘቀዘብኝና ከመንገዱ ማዶ ያለውን ልብስ ሰፊ መገልበጥ ጀመርሁ፤ የቀሚሱን አንገት፣ ቁልፉን፣ የመስኮቱን መጋረጃ ሳይቀር። ሰው አልመጣም አልልም፤ መጣ። የሚገባው ሁሉ ግን «የማዶው ሰውዬ ቅርንጫፍ ነህ?» ይለኝ ነበር። የሱሪያቸውን ጉልበት ስፌቱ እንዳይታይ አድርጌ እጠግንላቸው የነበሩት የድሮ ደንበኞቼ ደግሞ አንድ በአንድ ቀሩ። ጠዋት ተነሥቼ ስጸልይ «ሥራዬን ባርክልኝ» ለማለት አፈርሁ፤ የትኛው ሥራዬ እንደሆነ ራሴም አላውቀውም ነበርና። መጋረጃውን አውርጄ ወደ ጉልበቶቼ ተመለስሁ። እርስዎን ግን እንዲህ ያለ ሐፍረት ያገኝዎታል ብዬ አልሰጋም፤ ለማፈር አስቀድሞ የራስ የሆነ ነገር ሊኖር ይገባል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሳቁ ይቀጥል፤ በየሩብ ሰዓቱ ግን አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ትግባበት። የቀድሞው አንባቢ መዝገብ ቤት ወርዶ ወረቀት ያስራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለዚያች ዐረፍተ ነገር ያህል ቢያስጠሩት ወረቀቱ የትም አይሄድም። ያኛው ጣቢያ ያላደረገውን ማድረግ ካስፈራዎት ደግሞ አይጨነቁ፤ እኔ ራሴ ሄጄ ሰዓት መናገር እንዲጀምሩ እነሱን እለምናቸዋለሁ። እነሱ ሰኞ ከጀመሩ እርስዎ ማክሰኞ እንደሚጀምሩ ቅንጣት አልጠራጠርም።

ለሃያ ሁለት ዓመት ስለሰጡን ድምፅ፣ በአንድ ጠዋት ስለነሡንም ፍጥነት፣ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞ አድማጭዎ፣
ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ አማቴ ባለፈው እሑድ የሬዲዮኑን መዘውር ከእናንተ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ እናንተ ሲያዞሩ ቆይተው፣ በሁለቱም ቦታ ያው ሳቅ ሲሰማ ጊዜ የእናንተ ጣቢያ ተዘግቶ ጎረቤቱ እንደወረሰው አመኑ። ከዚያ ወዲህ ሲጸልዩ በሞት የተለዩንን ሲያስቡ ከልጃቸው ስም ቀጥለው የጣቢያዎን ስም ይጠራሉ። ሲጨርሱ እኔም አሜን እላለሁ።