ቅርጫት ኳስ በፍልሰታ

ሰኞ፣ ሐምሌ 30፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ጣራው እንደገና ያፈሳል። ባልዲው ሞላ፤ ደፋሁ፤ ሞላ። ጧት የቀበሌው ጡሩምባ ነፊ በደጃችን አለፈ። የጎረቤት አገሮች የቅርጫት ኳስ ውድድር ቅዳሜ ይጀመራልና ከየቤቱ አንድ ሰው ሄዶ ያጨብጭብ፤ የቀረ የቀበሌ ስኳሩን ይርሳ አለ። ልጄ ጽጌ በሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን ትጫወታለች። የገዛ ልጄን እንዳይ በስኳር ያስፈራሩኛል።

ጽጌን ዛሬ ከካምፕ ለአንድ ሰዓት ለቀቋት። በራችን ላይ ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው። ጎረቤቴ ብርቄ፣ ስልክ እንጨቷ መጣች አለች። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እርጥብ ነጠላዋን እስክታወልቅ እንኳ አልቆየም። ሽምብራ ካለሽ ስጪኝ አለች። ለምን? ፍልሰታን በጥሬ ልትጾም ነው። ሽምብራ ዘፍዝፋ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ሌላ ምንም።

በግንቦት ልደታ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆማ ተስላ ኖሯል። ቡድኑ ገና አልተመረጠም ነበር። ብመረጥ የዘንድሮን ፍልሰታ በጥሬ ብላለች። ተመረጠች። የውድድሩ ቀን ያኔ አልወጣም ነበር ትለኛለች። የፍልሰታ ቀን ግን መቼ ጠፍቶን ያውቃል?

ሰው ጃንጥላ ይሳላል። መጋረጃ ይሳላል። የኔ ልጅ ሆዷን ተሳለች።

ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። አብሯቸው የሚያድር ካድሬ አለ። አንዷን ስትጸልይ አግኝቷት በስብሰባ ሂስ አውርዶባታል። ሽምብራውን ቋጥሬ ሰጠኋት። ምን ላድርግ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3

አሠልጣኙ ዝናብ እያንጠባጠበ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ እናቴ ይለኛል። ጽጌ ሳህኗን ትገፋለች አለ። ስጋ አቀረቡላት፤ እንቁላል አቀረቡላት፤ ሆዴን ትላለች። ሐኪም አየ፤ ሆዷ ደህና ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እናቴ፣ ይቺ ልጅ ፍቅር ይዟት ይሆን?»

ለመሳቅም ለማልቀስም አልበቃሁም። እግዜር ምላስ ሰጥቶ በመሐላ የሚቆልፈው ለምንድን ነው? ዝም አልኩ። ዝምታዬን አዎ ብሎ ወሰደው መሰለኝ፣ አንገቱን ነቀነቀ። ቅዳሜ እንዲህ ከሆነች ከቡድኑ ትወጣለች፤ የምትተካት ልጅ ተዘጋጅታለች። ደግሞ ጽጌ ከእንግዲህ ልጅ አይደለችም፤ አንዴ ከወጣች ማንም ተመልሶ አይጠራትም። ይህን ነግሮኝ ሄደ።

ብርቄ በግድግዳው ሰምታ ኖሮ፣ ማን ነው ልጁ ብላ መጣች። ልጁ ሽምብራ ነው ልላት ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5፣ ማታ

ከልደታ እስከ አዳራሹ በሰልፍ ሄድን። መፈክር፤ ጭቃ፤ መፈክር። የቀበሌው ሊቀ መንበር በር ላይ ቆሞ ስማችንን ጠራ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድበት ፊሽካው አይሰማም። ዳኛው እጁን እያውለበለበ ይሯሯጣል።

ጽጌ ገባች። መጀመሪያ ጥሩ ነበረች። አንድ ጊዜ ከሁለት እንግዶች እጅ ኳስ ነጥቃ ስትሮጥ ብርቄ ትከሻዬን ደበደበችው። በኋላ እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንም ሳይከለክላት ቆማ ከወረወረቻቸው ሁለት ኳሶች አንዱም ቅርጫቱ አልደረሰም። አሠልጣኙ አስወጣት። ፎጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። የኛዎቹ ያለ እሷ ለጥቂት አሸነፉ። ሕዝቡ ጨፈረ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ስኳር ነዋ።

ብርቄ፣ ፍቅሩስ ገድሏታል አለችኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 6

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ዘንድ። ሁሉን ነገርኳቸው። ለንስሐ አባት መናገር መሐላ ማፍረስ ነው? ከሆነ እዚያው ይፍቱኝ።

ኳሱ በእግር ነው በእጅ ብለው ጠየቁ። በእጅ አልኩ። እሱስ ደህና አሉ። ምኑ ደህና እንደሆነ አላውቅም። ስእለት ይዛወራል አሉ፤ አቅም ላጣ ሌላ ሰው ይሸከምለታል፤ ግን የተሳለችው ራሷ ትምጣና ትጠይቅ። አባቴ፣ ካምፕ ናት፤ አትወጣም። እንግዲያውስ መጠበቅ ነው አሉ። እስከ መቼ? እስክትወጣ። ስትወጣ እኮ ጨዋታውም ጾሙም አልቋል። መቁጠሪያቸውን አገላበጡ። ጥርሴን ነክሼ እግራቸው ስር ተቀመጥኩ፤ አልነሣም አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ። በመጨረሻ፣ በይ ነገ አብረን እንሄዳለን አሉ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 7

ሄድን። ጥምጣማቸውን ከጋቢያቸው ስር ደበቁልኝ። ጥበቃው ማን ናቸው ሲል አያቷ ናቸው አልኩ። እሳቸው ገላመጡኝ፤ ግን አላስተባበሉም።

ጽጌ አጥሩ አጠገብ መጣች። ጉንጯ ገብቷል። እሺ አትልም። የሰጠችኝ እመቤታችን ናት፤ ቃሌን ብበላ መልሳ ብትነሣኝስ አለች። አባታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ እመቤታችን እንደ ቀበሌ አይደለችም። ስም እየጠራች የቀረ አትቀጣም» አሏት።

አለቀሰች። ከዚያ፣ ይፍቱኝ አባቴ አለች። ከጥሬው ፈቷት። ከጾሙ ግን አልፈታሁሽም አሉ፤ ስጋና እንቁላል የለም። ጥሬውን ማን ይሸከማል ሲሉ፣ እኔ አልኩ። ሌላ ማን አለ?

ዞር ስል አሠልጣኙ ከኋላችን ቆሟል። ሰምቷል። በግንባሩ አጥሩን ተደገፈ፤ ለካ እየሣቀ ነው።

«እናቴ፣ ይህን ሐሙስ ለምን አልነገሩኝም? የኔም እናት እኮ ዛሬ በጥሬ ናት።»

ለካድሬው ጨጓራ ነው እላለሁ አለ። ሽሮ ከቤት ያምጡላት፣ ብቻ ትብላ። ከቡድኑ አላወጣትም፤ ለጨዋታው ግን ቃል አልገባም፤ ያቺ ተተኪዋ ጥሩ ይዛለች።

ሳምንት ሙሉ ነፍሴን ያወጣው ምስጢር ይሄው ነው። ማንን ልቆጣ? ጽጌን? መሐላውን? ራሴን?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ዛሬ ፍጻሜው ነው። ሽሮና ለውዝ በዝናብ ተሸክሜ ትናንት ሁለቴ፣ ዛሬ ጧት አንዴ ተመላለስኩ። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። የኔ መንጋጋ ግን ከሽምብራው ጋር ተጣልቷል። ጽጌ ተቀያሪ ወንበር ላይ ትጀምራለች፤ ትግባ አትግባ አሠልጣኙም ገና አያውቅም።

ብርቄ አሁን መጣች። ሽምብራ ስቆረጥም በግድግዳው ሰምታ፣ ጠይቃ ነገሩን ጨርሳዋለች። አሰለፉ ብላ በስሜ ጠርታ፣ አንቺም ተሳይ እንጂ፣ ጽጌ ገብታ ዋንጫው እንዲመጣ፤ ልደታ ደጃፍሽ ናት አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ጃንጥላ ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ ጃ እስከሚለው ደርሼ ነበር።

ዘጋሁት።

አይ። ልጄ በልታለች። ከገባች ትግባ፤ ካልገባች ወንበሩ ላይ ሆና አያታለሁ። ቢሸነፉም ይሸነፉ። ዛሬ ለማንም፣ ስለምንም፣ አንድም ቃል አልገባም። ይህን ወስኛለሁ። ሰልፉ ተጠራ፣ ብርቄ በሩን እየደበደበች ነው፣ ነጠላዬ ገና