የሰይድ የውሃ ተራ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22
ስሙን የሚጠራ ሰው ጠፋ። ከኮቦ መናኸሪያ እስከ እህቴ ዘሀራ ቤት ስንቱ አቅፎ ሳመኝ፤ የባሏን የሰይድን ነገር ግን «ያ ጉዳይ» እያሉ ያልፉታል። ሰይድ ገበሬውን ሰብስቦ፣ ወንዙ ውስጥ አሸዋ የሚዝቀውን ማሽን አናስገባም አለ። ግንቦት ላይ ከሮቢት ሲመለስ ተኩሰው ገደሉት። አብሮት የቆመው ኪሮስም በሳምንቱ ተገደለ፤ ማሽኑም ገባ። ማን እንደገደላቸው ሁሉም ያውቃል፣ አንድም የሚናገር የለም።

ረቡዕ
ዘሀራ እንቅልፍ የላትም። ማሳ የሚያጠጣው የዘንድሮው ጎርፍ ገና አልመጣም፤ ማሽላዋ ቅጠሉን ጠቅልሏል። ጎርፍ ሲመጣ የውሃ አባት የሚሏቸው አባ ይማም ቦዩ አፍ ላይ ቆመው ባለተራዎቹን በስም ይጠራሉ። «አለሁ» ያለ ማሳው ይጠጣል። ስሙ ያልተጠራ ወይም ተጠርቶ ያልመለሰ፣ ተራው ለዘለቄታው ለሌላ ይሄዳል። ሴት እዚያ ቆማ «አለሁ» ብላ አታውቅም።
እኔ ደግሞ ሐዘን ቤት ተቀምጬ ስለ ጎረቤት የእጅ ሂና ሳይቀር አወራለሁ፤ አመል ነው። የመጽሔታችን አዘጋጅ ደውሎ ዓምዴን ሳቅ ያለበት አድርጊው አለኝ። ምን ልበለው?

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ አባ ይማም መጡ። የሰይድን ስም ይጠሩ እንደሆን ዘሀራ ጠየቀቻቸው። ተዉት ያሉኝ ሰዎች አሉ፣ እኔም ልጆች አሉኝ አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።
«አባ ይማም፣ የሚቆሙበትን ግድብ የደለደለው ሰይድ ነው። እዚያው ላይ ቆመው ነው ስሙን የሚዘሉት?» አለቻቸው።
ሻዩን ሳይጨርሱ ወጡ።

እሑድ
ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ደጋው ጠቁሮ ቆይቶ ጎርፉ አጉረመረመ። አገሩ አካፋ ይዞ ወጣ፤ እኔም በከተማ ጫማዬ። ሰባተኛው ተራ የሰይድ ነው። አባ ይማም ስድስተኛውን ጠርተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የዘሀራ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ።
«ሰይድ!»
«አለ» አለች።
የተቃወመ የለም። ቀጥለው ኪሮስን ጠሩ፤ ሽማግሌ አባቱ እንደሷው «አለ» አሉ።
ላቅፋት ስዞር ወንዙን እያየች ነው። ማሽኑ የወንዙን ወለል ዝቅ አድርጎታል፤ ጎርፉ ቦዩ አፍ ላይ ሊወጣ ሁለት ክንድ ሲቀረው ከበታችን አልፎ ነጎደ። ሰይድ ሲጮህ የነበረው ይህንኑ ነበር። የተጠራነው ሁሉ አካፋ ይዘን ቆመን ሸኘነው።

ሰኞ
ዓምዴን ላክሁ። የሰይድም የኪሮስም ስም አለበት። አዘጋጁ እስካሁን አልደወለም። ዘሀራ ቦዩን ዝቅ አድርጋ ልትቆፍር ወርዳለች፤ አጎንብሰው የሚያግዟት ሦስት ሰዎች ከዚህ ይታዩኛል። የማሽኑም ድምፅ ይሰማኛል።