በጾም ያሳበብኩበት ሠርግ

ልጄ ፀዲ፣ የእናትሽ አምላክ ለንደንም ሆነሽ ከደጅሽ አይራቅ። ባልሽን ኬኔን ሰላም በዪልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ቅዳሜ የኬኔ አጎት፣ የናይጄሪያ ኢግቦዎች የሆኑት ወገኖቹ አዲሱን የቦዬ ምርት ወደሚያከብሩበት ፓርክ ይዘውኝ ሄዱ። ፍልሰታ ነው ብዬ ስግደረደር፣ «ጋሼ አድማሱ፣ ለአንቱማ ሥጋ ያልነካው ለብቻው ተሠርቷል!» ብለው ሳቁብኝ።

አፈርኩ። በሠርግሽ ቀን ጾም ነው ብዬ የቀረሁት ባዕድ አገባች እንዳይለኝ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ያለውን ያገራችንን ሰው አፍ ፈርቼ ነበር። በእነኬኔ ወግ ሙሽራ ባሏን ከእድምተኛው መሀል ፈልጋ የምታጠጣበትን ጽዋ የሚሰጣት አባቷ ነው፤ ያን ቀን ግን አጎቱ በእኔ ፈንታ ሰጡሽ። ይቅር በዪኝ።

ጽዋውን ለምኜ ተቀብያቸዋለሁ። ለገና ኑልኝና በእጄ ልስጥሽ፤ እመብርሃን በሰላም ታምጣችሁ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ ኬኔን ፈልገሽ አታጪውም።

አባትሽ