ከሞጣ የመጣው አንድ ሰው

ሰኞ፣ ኅዳር ሚካኤል

ገባ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልገባ ብሎ ያንገበገበኝ የመቍጠሪያ ኮድ ዛሬ ገባ። ቢቸና ሰው ሁሉ ለበዓሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ቢሮ ተዘግቼ ዋልኩ። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ።

ሰው ሲጠይቀኝ እየተደናገርኩ ስለሆነ ለራሴ በቀላሉ ልጻፈው። የስፌት ማሰልጠኛችን ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ያየው ሰው ነክቶት ወደ ድረ ገጻችን ይገባል። ስሙን፣ ከተማውንና ስልኩን ሞልቶ ሲልክ "ተመዝግበዋል፣ እናመሰግናለን" የሚል ገጽ ይመጣለታል። ኮዱን ያስቀመጥኩት እዚያ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ የሚቈጠረው ማስታወቂያውን ያየ ሁሉ አይደለም፤ ከማስታወቂያው ተነሥቶ እስከ ምዝገባ የደረሰው ብቻ ነው። ከየትኛው ከተማ እንደሆነም ይለያል።

የማሰልጠኛው ባለቤት ወይዘሮ የሺ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው። ወይ ሞጣ፣ ወይ ሉማሜ። ብዙ ሰው የተመዘገበበት ያሸንፋል። ሞጣ ከሆነ ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ በአፋቸው ነግረውኛል።

ሞጣ ልጄ አለች። አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ትቶን ከሄደ ወዲህ እናቴ ጋ ነው የምታድገው፤ እኔ እዚህ እሠራለሁ፣ ሲሳካልኝ ቅዳሜ ሄጄ እሑድ እመለሳለሁ። እናቴን "እማዬ" ትላታለች። እኔን በስሜ "ትርንጎ" ነው የምትለኝ። ኃላፊነቱ ቢቀር ግድ የለኝም። እሱ ይቀየርልኝ።

ማክሰኞ

ሙከራው ሠራ። ትናንት ራሴ ማስታወቂያውን ነክቼ በራሴ ስም ተመዝግቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት የቈጣሪውን ገጽ ስከፍት "ቢቸና 1" ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ምርጫ ቀርቶኝ ነበር። አንድ ሰው ደጋግሞ ቢልክ በላከ ቁጥር ይቈጠር ወይስ አንዴ ብቻ? መመሪያው ለዕቃ ሽያጭ በላከ ቁጥር፣ ለምዝገባ አንዴ ብቻ ይላል። አንዴ ብቻ አልኩ። ለወይዘሮ የሺም ደረቴን ነፍቼ አስረዳኋቸው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አሥር ስም ቢልክ ማሽኑ አይሸወድም፣ ያው አንድ ሰው ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። የማይዋሽ ነገር ሲፈልጉ እንደኖሩ ነገሩኝና እንደገና አስረጂኝ አሉ። እንደገና አስረዳሁ።

ሐሙስ

ጾም ገባ። ሽሮ በልቼ ቁርጥ የበላሁ ያህል ጠግቤአለሁ፤ ከሞጣ ስም ይጎርፋል። ስሞቹ የሚገቡት በወይዘሮ የሺ ኢሜይል ነው፣ የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። ጥሩወርቅ፣ ዓለምነሽ፣ እናኑ፣ ብርቱካን፣ ሰውዓለም... ሠላሳ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸው። ከሉማሜ ዘጠኝ ናቸው። ለእናቴ ደውዬ ከልጄ አጠገብ ለእኔ የሚሆን የአልጋ ቦታ እንድታስብ ነገርኳት።

ልወጣ ስል ቈጣሪውን አየሁት። ሉማሜ 9። ሞጣ 1።

ይዘገያል ይባላል። እስከ ነገ ይሞላል።

ዓርብ

አልሞላም።

ስሞቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የሁሉም ስልክ አንድ ነው። እንዴት ትናንት አላየሁትም? በደስታ ነዋ። ወደ ቁጥሩ ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

ወይዘሮ የሺ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አድርገው፣ ደግመው አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "አሥር ስም ቢልክ ያው አንድ ሰው ነው ብለሽኝ አልነበር? ማነው ይሄ አንድ ሰው፣ ትርንጎ?" አሉኝ።

አላውቅም አልኩ። ሞጣ ማን እንዳለኝ ያውቃሉ። ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ በትሕትና አናገሩኝ፤ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር። በገዛ እጄ ያቆምኩት ምስክር መሰከረብኝ። ሌላ ሰው ቢያቆመው ኖሮ ሐሰተኛ ነው እል ነበር።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

በጠዋቱ ሚኒባስ መጣሁ። ከመናኸሪያ ያንን ቁጥር እንደገና ሞከርኩት፤ ጠራ። ያነሡት እትዬ ስንዱ ናቸው። ከእናቴ ጋር የማርያምን ማኅበር የሚጠጡት፣ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ያላቸው። ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ሱቁ ውስጥ ሴት ልጆች ተሰልፈዋል። እትዬ ስንዱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው "የአባት ስም?" ይላሉ። ይሞላሉ፣ ይልካሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሱና የሚቀጥለውን ይሞላሉ። ማስታወቂያውን የነኩት ረቡዕ ዕለት አንዴ ነው፤ ገጹን ከዚያ ወዲህ አልዘጉትም። በዚህ ሰሞን በስልክ ኢንተርኔት ስለማይሠራ ሰው ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው። የፈተና ውጤት የሚያዩለት፣ የሥራ ማመልከቻ የሚሞሉለት እሳቸው ናቸው። ከልጆቹ ብዙዎቹ ስልክ የላቸውም። ያላቸውም ለማያውቁት ሰው ቁጥራቸውን መስጠት ይፈራሉ። ስለዚህ እትዬ ስንዱ ለሁሉም የራሳቸውን ይጽፋሉ። ትናንት ስልካቸው ዝግ የነበረው ባትሪ ጨርሶ ነው።

ለማሽኑ ያ ሁሉ ሰልፍ አንድ ሰው ነው።

ነገሩን ስነግራቸው ደነገጡ። "ምን አጠፋሁ? ያንቺ መሥሪያ ቤት ነው ብዬ ሰው ሰበሰብኩልሽ እንጂ።" ምንም አላጠፉም አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ያጠፋ ሰው የለም። እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ቤት ስደርስ ልጄ ደጅ ላይ ነበረች። አይታኝ ወደ ውስጥ ሮጠች፣ "እማዬ፣ ትርንጎ መጣች" እያለች። እሷም አንድ ብቻ ነው የምትቈጥረው፣ አጠገቧ ያለችውን።

ሰኞ

ሁሉንም ለወይዘሮ የሺ ነገርኳቸው። እትዬ ስንዱንም በስልክ አገናኘኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው ስልኩን መለሱልኝና "ትተዋወቃላችሁ?" አሉ። ሞጣ ተወልጄ የማላውቀው ማን ይኖራል? የእናቴ ማኅበርተኛ ናቸው አልኩ። ይህን ስል ፊታቸው ላይ ነገሩ ሲያልቅ አየሁት።

"አልፈርድብሽም፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። "እናት ነሽ። የልጅ ናፍቆት ይሄንንም ያስደርጋል።"

ያልሠራሁትን ይቅር አሉኝ። ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ፤ ለይቅርታ ምን ይመለሳል? እሺ ብዬ ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከሐዘን ይልቅ እልህ ነው ያስለቀሰኝ።

ከዚያ ያንን ምርጫ ቀየርኩት። በላከ ቁጥር ይቈጠር አልኩ። ለሚመጣው እንጂ ላለፈው አይሠራም ይላል መመሪያው።

ረቡዕ፣ ኅዳር ጽዮን

ሉማሜ ሆነ። ቤት ተከራይተዋል። ደግሞም ሄጄ እንዳቋቁመው የሚፈልጉት እኔን ነው፤ እንዳልተቀየሙኝ የሚያሳዩበት መንገድ ነው መሰለኝ። ከቢቸና ሞጣ ቅዳሜ ሄጄ እሑድ እመለሳለሁ። ከሉማሜ ግን ሄጄ ልጄን አቅፌ ሳልጨርስ መመለሻዬ ይደርሳል። ሰኞ መልስ እሰጣለሁ አልኳቸው።

ሞጣ ዛሬ ይጨምራል። እትዬ ስንዱ መመዝገብ አላቆሙም፣ እኔም አቁሙ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። አሁን በትክክል ይቈጥራል። የሚያየው ግን የለም፤ ወይዘሮ የሺ ገጹን ከእንግዲህ አይከፍቱትም።

እሑድ፣ ሞጣ

ለልጆቹ ራሴ ልንገራቸው ብዬ መጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ስንዱ ሱቅ በር ላይ ተሰበሰቡ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። እናኑ የምትባለዋ መቀስና ሜትር ገዝታ ይዛ መጥታለች። ትምህርቱ ዛሬ የሚጀመር መስሏታል።

አይከፈትም አልኩ።

"እኛ እኮ ተመዝግበናል" አለች እናኑ።

ማስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። አልተቈጠራችሁም ብዬ ልንገራት? መቀሱን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው፣ የሰረቀችው ይመስል። ወይዘሮ የሺ ትርንጎ የፈጠረችው ስም ነው የሚሉት ይህቺን ልጅ ነው።

እናቴ "እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም" አለችኝ። ድግሱን እስካሁን አላየሁትም አልኳት። ተቀየመችኝ።

ከሰዓት ቦርሳዬን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። የመጨረሻው ሚኒባስ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ቢቸና፣ አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው" እያለ ይጣራል። ዐይኑን እኔ ላይ ተክሏል። ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩት። ምን እየጠበቅሁ እንደነበር አላውቅም። አንድ ሽማግሌ መጥተው ገቡበትና መኪናው ሄደ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሞጣ

ስልኬ እየጠራ ነው። ወይዘሮ የሺ ናቸው። አነሣዋለሁ፤ ምን እንደምላቸው ግን ገና አላውቅም። ሉማሜ አልሄድም ማለት ሥራዬን ለቀቅሁ ማለት ነው። እትዬ ስንዱ ትናንት አንድ ኮምፒውተር ሰው አጥቶ አቧራ እየጠጣ ነው ብለው ነበር። የምራቸውን ይሁን ሊያጽናኑኝ እንጃ።

ልጄ አሁን ነቃች። ዐይኗን አሽታ አየችኝ። ሰኞ ጠዋት እዚህ አይታኝ አታውቅም።

"ትርንጎ፣ አልሄድሽም?"

አልሄድኩም አልኳት።

"ነገስ?"

እንጃ አልኳት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠጋችና ቦታ ለቀቀችልኝ።