አልጠራ ያለው ውሃ

ለወንድሜ ለዋጅዲ፤

ጤናህ እንዴት ከረመ? የዚያ አገር ብርድ ወገብህን አልያዘህም? ሌናስ ሥራው አላደከማትም? ልጆቹን ታላንና ዘይድን ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኛ አምላክ ይመስገን አለን፤ አባባም አሉ። ልጽፍልህ ካሰብኩ ሰነባብቻለሁ፤ እጀምርና እነሳለሁ፣ የዓሦቹን ገንዳ አይቼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። በስልክ የማልነግርህ አባባ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው።

ስለ ዓሦቹ ስትጠይቀኝ «ደህና ናቸው» እያልኩ ያለፍኩት ደህና ሆነው አልነበረም። ከእናታችን ቀብር በኋላ አደራ ብለኸኝ የሄድከው የባሕር ዓሦች ገንዳ፣ ብዙም ሳይቆይ መስተዋቱ ቡናማ ለበሰ፤ አሸዋው ላይ ቀይ ልጋግ ተነጠፈ፤ አበባ መሳዮቹ ኮራሎችም ተኮማተሩ። እንዳስተማርከኝ ጨውን በተጣራ ውሃ በጥብጬ፣ ሙቀቱን ከገንዳው ጋር አመጣጥኜ፣ በየሳምንቱ ከውሃው ጥቂቱን እቀይራለሁ። የብክለቱን መጠን፣ ናይትሬቱን፣ በመለኪያ ጠብታው ስለካው ቀለሙ ይደበዝዝና ደስ ይለኛል፤ በማግስቱ ተመልሶ ደም ይመስላል። ከምግብ የሚተርፈው ውሃውን እንደሚያከብደው አውቃለሁ፤ ግን እኔ ጠዋት ቁንጣሪ ታህል ብቻ ነው የምሰጣቸው። ታዲያ ከየት ይመጣል? ከጨው ሻጩ ጋር ተጣላሁ፤ ጨው ቀየርኩ፤ ማጣሪያውን ፈታትቼ አጠብኩ። ከታች ፎቅ ያለችው ኡም ሱሃይል ባልዲ ተሸክሜ ባየችኝ ቁጥር «ባሕሩ ደጅሽ ተኝቶ አንቺ ሌላ ባሕር ትበጠብጫለሽ? ምነው፣ ይሄኛው አነሰሽ?» ትለኛለች።

አንድ ማክሰኞ ቢሮ መብራት ጠፍቶ በጊዜ ለቀቁን። በሩን ስከፍት አባባ ሲያወሩ ሰማሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከ«እሺ»ና ከ«ይበቃኛል» በቀር ቃል የማይወጣቸው ሰው ያወራሉ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ አጮልቄ አየሁ። ወንበር ላይ ቆመዋል፤ ጠዋት ሠርቼ የተውኩላቸውን ሰያዲያ በግራ እጃቸው ይዘው፣ በቀኙ ዓሣውን ከሩዙ ጋር እየፈተፈቱ ገንዳው ውስጥ ይጥላሉ። «ብሉ እንጂ፤ ሩባ ደክማ የሠራችው ነው። ጨው አንሶታል እንዳትሉኝ፣ ጨው እንደሆነ እናንተ ሞልቷችኋል» ይላሉ።

ዋጅዲ፣ ሳህኑን ባዶ ባገኘሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። «አባባ ምሳቸውን ጥርግ አድርገው እየበሉ ነው» ያልኩህም ለዚህ ነው። ሱሪያቸው ሲሰፋቸው እያየሁ በዕድሜ አሳብቤ ነበር።

ድምፄን ሳላሰማ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መቀመጡም አልሆነልኝም፤ እስከ ባሕሩ ዳር ሄጄ ተመለስኩ። ብነግራቸው ያቺኑ ትንሽ ጨዋታ ልነጥቃቸው ነው፤ ዝም ብል ዓሦቹም እሳቸውም ሊያልቁብኝ ነው። ዝም አልኩ። ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ያዝኩ፤ ወገቤ ተቆረጠ። አንድ ቀን ቸኩዬ ሙቀቱን ሳላመጣጥን ብዙ ውሃ ገለበጥኩና ዓሦቹ ጥግ ይዘው ሲያለከልኩ ዋሉ።

ከዚያ ቢጫው ዓሣ ሞተ፤ እናታችን «ሙሽራው» የምትለው። አባባ በመዳፋቸው ይዘውት ወጥ ቤት መጡና «ውሃው ነው?» አሉኝ። «ምግቡ ነው አባባ፤ ሲበዛ ይበሰብስና ውሃውን ይመርዘዋል» አልኳቸው። ዓሣውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «እንደምሰጣቸው ታውቂ ነበር?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? እኔ እዚህ ቤት የምኖር ሰው አይደለሁም?» አሉ። ቁጭ አሉና ቀስ ብለው «ብቻዬን ማዕድ ስቀርብ እህል አልወርድ ይለኛል፤ እናትሽ ሳትቀመጥ በልቼ አላውቅም። እነሱ ግን ስመጣ ያዩኛል፤ ይሻማሉ። ሲበሉ ሳይ የበላሁ ይመስለኛል» አሉኝ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

ከዚያ ወዲህ ምሳው ከሥራ እስክመለስ ይቆየናል፤ አብረን እንበላለን። ከግማሽ ሳህን አያልፉም። ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ደም አንሷቸዋል ተብሎ ኪኒን ይውጣሉ። ዓርብ ዓርብ ውሃውን የሚቀይሩት አሁን እሳቸው ናቸው። ወደብ ላይ ገመድና ቱቦ ሲጎትት የኖረ እጅ አይደል፣ ከአሸዋው ውስጥ እድፉን መጥጠው ሲያወጡት ከእኔ እጅግ ይሻላሉ። መጀመሪያ ቀን ቱቦውን በአፋቸው ሲስቡ ውሃውን ጎረሱትና «ዕድሜዬን ሙሉ ወደብ ላይ ሠርቼ አንድ ጉንጭ ባሕር ያልጠጣሁ ሰውዬ፣ ሳሎኔ ቁጭ ብዬ ጠጣሁት» አሉ። ልጋጉ እየሳሳ ነው። በግራ በኩል ያለው ትልቁ ኮራል ግን ነጥቶ ቀርቷል፤ አይመለስም። እኔም ገና አላረፍኩም፤ ቢሮ ሆኜ ልቤ ከገንዳው ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ወደ ገንዳው ይመላለሳል።

አሁን ይህን ስጽፍ አባባ ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «የምሳውንም ጻፍሽለት?» አሉ። ሁሉንም እንደጻፍኩ ነገርኳቸው። «እንግዲህ ሲደውል አባባ ደህና ናቸው እያልሽ አትመልሺልኝ። ስልኩን ስጪኝ፤ እንዴት እንደሆንኩ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ። ስለዚህ ስትደውል የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ አትደንግጥ። በመሐል ዝም ቢሉም መስመሩ የተቋረጠ እንዳይመስልህ፤ ጠብቃቸው።

ሌናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ታላ ትምህርቷን እንድትበረታ አክስትሽ ብላለች በላት። የዘይድን ግንባር አባባ ስመውታል። ኡም ሱሃይልም ሰላም ብላሃለች፤ ባልዲውን አሁን ደረጃ ላይ የምታግዘኝ እሷ ናት።

እህትህ ሩባ
አቃባ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2019