ሁለቱ የላምባ ምድጃዎችና የአክስቴ በቅሎ

መጋቢት 4 ቀን 1931፣ ከረፋዱ 4 ሰ.
ማሰሮው ተጥዷል። ልክ አንድ ቅል ውሃ። ምድጃው ባለ ክሩ ነው፤ ባለ ፓምፑ ተራውን ይጠብቃል። ነጋዴው ሰይድ ሁለቱንም ከአዲስ አበባ በካሚዮን አምጥቶ አክስቴ ምግብ ቤት ጓሮ አኑሯቸዋል። አንዱ ለእኛ ይቀራል፣ ሌላውን ይዞ ሐሙስ ይሄዳል። ልዋጩ በቅሏ ናት። እንጨት የምታመጣልን እሷ ናት፤ ግን ኬላ ላይ ጣልያኖቹ ጥይት ደብቃችኋል እያሉ ጭነቱን ሲበትኑት አክስቴ ተማርራለች። ምድጃው ካልበጀን በቅሎም የለ፣ እንጨትም የለ። መራጩ እኔ! ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከኔ ወዲያ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የተማረ ማን አለ?

ሰዓቴን የኬላው ወታደር ወስዶታል። ስለዚህ እግራቸውን ታመው ቤት የዋሉት ጎረቤታችን መሪጌታ ፈንቴ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፣ እኔ በጠጠር እቆጥራለሁ።
ፈላ። ሃያ አንድ።

ያው ቀን፣ 9 ሰ. ሊሞላ ሲል
ባለ ፓምፑ ሃያ ስድስት! ማግሳት ብቻ። ባለ ክሩ አሸነፈ። አክስቴ እልል አለች፤ የወንድሜ ልጅ በቁጥር ለየው እያለች እኛ ዘንድ ለሚበሉት የካሚዮን ሾፌሮች ሁሉ አወራች። ደረቴ ተነፋ፣ ምን ልደብቅህ ማስታወሻዬ።

መጋቢት 5፣ ከቀኑ 8፡30
ወይ ጉድ። አሁን መሪጌታን በአጥር በኩል ሰማኋቸው። ጾም መፍቻው ሲቃረብ ጸሎቱ ይጋልባል! ጠዋት ግን ቃል በቃል ነው የሚያዜሙት። ባለ ክሩን የለካሁት ጠዋት፣ ባለ ፓምፑን በረሃብ ሰዓት። የለካሁት እሳቱን ሳይሆን የሳቸውን ሆድ ነው።
ዝም ልበል? ማንም አያውቅም። በቅሏ ደጅ ቆማ ታየኛለች።

መጋቢት 6፣ ማታ
ተናገርኩ። በደንበኞቹ ፊት። ሰይድ፣ አይ የአዲስ አበባ ትምህርት! ብሎ ሳቀ። መሪጌታ ተቆጡ፦ «አንተ! ጸሎቴን ከሆዴ ጋር ታምታታለህ?» ቆይተው ራሳቸው ሳቁ። «ግዴለም፣ እውነቱን ነው። ሽሮው ሲሸተኝ ‹ኢታብአነ›ን ሳልዘላት አልቀርም።»
እንደገና። ሁለት እኩል ማሰሮ፣ ያንድ ምንጭ ውሃ፣ ሁለቱም ባንዴ ተለኮሱ። ቆጣሪ የለም። ባለ ፓምፑ ሲንተከተክ ባለ ክሩ ገና ለብ ብሎ ነበር። አክስቴ ግን፣ እኔ ውሃ አልሸጥም፣ ሽሮ ጣድበት አለች። የፓምፑን አየር ቀነስኩ፣ እሳቱ ዝቅ አለ። ሽሮው ቶክ ቶክ፣ ሥሩ ሳይዝ በሰለ።
አክስቴ ዛሬም ለሾፌሮቹ አወራች። ትምህርቴን አላነሳችም። «ተሳስቻለሁ የሚል ወንድ ቤቴ አለ» አለች። ይኼኛው ከእልልታው በለጠብኝ።

መጋቢት 7፣ ጠዋት
ሰይድ ባለ ክሩን በበቅሏ ጭኖ ሄደ። አክስቴ ግንባሯን ዳሰሰቻትና ዘወር አለች።
ፓምፑን ገፋሁ። አገሳ። ማሰሮው ፈላ። በስንት አቡነ ዘበሰማያት? አልቆጠርኩም፤ ሾፌሮቹ መጡ፣ አክስቴ እየጠራችኝ ነው።