ያልታመሙት አይጦች

ሰኔ 4 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

የአቶ ፈንታ አይጦች ዛሬም አልታመሙም። የከብት ሐኪሙ በሽታውን ለመለየት የሚያስሉ በሬዎችን ንፍጥ በነጫጭ አይጦች አፍንጫ ካንጠባጠበ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የሌሎቹ ገበሬዎች አይጦች ጠጉራቸው ቆሞ ተኮራምተዋል። በአቶ ፈንታ በሬ ስም የተያዙት ግን ገብሳቸውን ይቆረጥማሉ። ሐኪሙ ግራ ገብቶታል። እኔ አይጥ ቀላቢው ግን አቶ ፈንታን ጠርጥሬያለሁ።

ንፍጡን ልወስድ የሄድኩ ዕለት፣ «ዳማ ሰሞኑን አመሉ ከፍቷል፤ አንተ እዚህ ቆይ፣ እኔ ጠርጌ አመጣልሃለሁ» ብለው ጥጡን ተቀበሉኝና ብቻቸውን በረት ገቡ። በሬያቸው ዳማ ከእኔው በሬ ከቡሬ ጋር ተቀናጅቶ ሁለት ክረምት አርሷል፤ ቀንዱን ሲያነሳ አይቼው አላውቅም። በጥጡ የጠረጉት የጤነኛ ላማቸውን አፍንጫ ሳይሆን አይቀርም። የበሬያቸው መታመም ከተሰማ በዚህ የዘር ሰዓት ማን ከእሳቸው ጋር ይቀናጃል? እኔስ እቀናጅ ነበር?

ነገ ፊት ለፊት ልጠይቃቸው ቆርጬ ነበር።

ከሥራ ተመልሼ ቡሬን ውሃ ሳጠጣው ሁለት ጊዜ አሳለ። ትን ብሎት ይሆናል። የሚያስሉ ከብቶች የሚመዘገቡበት ደብተር እኔው ዘንድ ነው። ምንም አልጻፍኩበትም።